ካናዳ በምዕራብ ዓባያ በኩል

የልጅ ልጄን ወደ እናቷ ለመላክ የደከምኩትን ድካም የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ «የካናዳ መንግሥት አስቸገረሽ አይደል?» ይሉኛል። አዎ፣ አስቸግሮኛል። ከካናዳ ይልቅ ያስቸገረችኝ ግን ምዕራብ ዓባያ ናት፤ ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ መናኸሪያ በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ጫኖን አልፌ፣ አጠገቤ ከተቀመጠው ሰው ጋር የጀመርኩት ወሬ ሳያልቅ የምደርስባት ምዕራብ ዓባያ።

ልጄ ያቺን ልጅ የወለደቻት ትምህርቷን ሳትጨርስ፣ እኔው ቤት ነው። የልጅቷ አባት ጎረምሳ ነበር። እርግዝናውን ሲሰማ ከአርባ ምንጭ ወጥቶ ሄደ። ስትወለድ አልመጣም፣ ሽማግሌም አልላከም። ሕፃኗ ጡት እንደ ተወች ልጄ በቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ሄደች፤ ልጅቷ በእኔና በባለቤቴ እጅ ቀረች። እኔን «እማዬ»፣ ባለቤቴን «አባዬ» እያለች አደገች። የልጄ ታናናሾች እሷን «እትዬ» ስለሚሏት ልጅቷም እናቷን በስልክ ስታነጋግር «እትዬ» ትላታለች። እንዲህ በይ ያላት የለም፤ ቤት ውስጥ የሰማችውን ነው ያለችው።

ለትምህርት ስትደርስ ባለቤቴ እጇን ይዞ ወሰዳት። መዝጋቢዋ የአባት ስም ስትጠይቀው የራሱን ነገራት። በእኛ ዘንድ ያሳደገ አያት ስሙን ለልጅ ልጁ ቢሰጥ የሚደነቅ ሰው የለም፤ በሠፈራችን እንደ እሷ ያሉ ልጆች ሞልተዋል። የክፍል ካርዷ በዚያ ስም ወጣ፣ የልደት ምስክር ወረቀቷም በዚያው ወጣ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ አስተማሪዎች ስሟን ከነአባቷ ሲጠሩ ስሰማ እሱ ራሱ «አቤት» የሚል ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ቤይሩት ብዙ ከሠራች በኋላ የአሠሪዎቿ ዘመዶች ሽማግሌ አባታቸውን እንድትንከባከብላቸው በሕጋዊ ውል ካናዳ ወሰዷት። ውሏን ፈጽማ የመኖሪያ ፈቃድ ስትጠይቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ልጅ አለችኝ» ብላ አስመዝግባለች። በዚህ እኮራባታለሁ። ሌሎች ጉዳዩ ይከብዳል ብለው ልጃቸውን ይደብቃሉ፤ እሷ አልደበቀችም። ፈቃዱን ባገኘች ጊዜ ልጇን ለማምጣት አመለከተች። ብዙ ከቆየ በኋላ መልስ መጣ፤ ያን ቀን ስልክ ደውላ እያለቀሰች አነበበችልኝ።

«እማዬ፣ በወረቀቱ ላይ የእሷም አባት የእኔም አባት አንድ ሰው ነው አሉኝ። ልጅሽ ሳትሆን እህትሽ ናት ነው የሚሉት።»

«እትዬ ነው የምትልሽ፤ እነሱ ምን ያድርጉ?» አልኳት።

ቀልዴ አላሳቃትም። እህትን ማምጣት አይቻልም፤ ልጅን ማምጣት ይቻላል። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀቱ በፍርድ ቤት ታርሞ ይቅረብ፣ እናትና ልጅ በምርመራ ይረጋገጡ፣ ልጅቷ ገና ዐሥራ ስምንት ስላልሞላት ወላጅ አባቷ መሄዷን መፍቀዱን ይፈርም አሉ። ይህ ሁሉ በቀነ ገደቡ ካልደረሰ ፋይሉ ይዘጋል። ልጄ ከልጇ ጋር አብራ ያልበላችበት ዘመን ከበላችበት በጣም ይበልጣል። ያቺ ልጅ አግብታ ከመውለዷ በፊት ከእናቷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ታድር እንደሆነ የሚወሰነው እንግዲህ በዚህ ነበር።

ግቢዬ ውስጥ ከኋላ ያለውን ክፍል የሚከራየኝ የጎጃም ልጅ አለ። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ እየፈለገ ቀርቶ፣ ጀርመን ለመማር ቋንቋቸውን ያጠናል። በመንገዱ በኩል ያለውን ሱቅ የያዘው ደግሞ የስልጤ ሰው ነው፤ እህል፣ ዘይትና ስኳር ይቸረችራል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር ተቀምጠን ነገሩን ስነግራቸው ሁለቱም የየአገሩን ሕግ ይነግሩኝ ጀመር።

«ካናዳ ይሻላል እማማ» አለ ተከራዬ። «ጀርመን ለመሄድ ሰው ቋንቋ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ አልፎ፣ ትምህርት ቤቱ ተቀብሎት፣ ከዚያ ገና ለቀጠሮ ወረፋ ይይዛል። ቀጠሮው እስኪደርስ ቋንቋው ይረሳል።»

«አንተስ ተረስቶህ ነው?»

«እንዴት ይረሳኛል? ይኸው ለዶሮዎችዎ በጀርመንኛ ነው የማወራው።»

«ለዚህ ነዋ እንቁላል ያቆሙት!» አለ ባለሱቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ፣ ደቡብ አፍሪካን ያላየ ሰው ስለ ወረቀት አያውራ። ወንድሜ ወረቀቱን ለማሳደስ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ይሰለፋል። ያድሱለታል፤ ደግሞ ጊዜው ያልፍበታል። እዚያው አግብቶ ወልዶ ዛሬም እንግዳ ነው። ወላሂ ከእንግዳም ያነሰ ነው፤ እንግዳ እኮ ሻይ ይጠጣል።»

እኔ የማውቀው ቤይሩትን ነበር። ልጄን ለማስገባት የጠየቁት ጤነኛ መሆኗን ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ቶሎ ሄደች። ከገባች በኋላ ግን ፓስፖርቷን እመቤቲቱ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የፈለገውን ያህል ብትቆይ የዚያ አገር ሰው ልትሆን አትችልም፤ ልጅሽን አምጪ የሚላትም የለም። ስለዚህ «የቱ ይከብዳል?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከባድ የሚባለው በየቦታው ይለያያል። አንዱ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትና መቀመጫ አይሰጥህም። ሌላው ደጅ ላይ አቁሞ ዘር ማንዘርህን ይጠይቅሃል፤ ከገባህ ግን ቁጭ በል ይልሃል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መጠየቁ ግን ከልኩ ሲያልፍ ያናድደኛል።

ልጄ ካናዳ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ እኔን ለአራስ ቤት ልትወስደኝ አመልክታ ነበር። ለጉብኝት ብቻ። ከለከሉኝ። ምክንያታቸውን ተከራዬ በአማርኛ ሲነግረኝ፣ ጊዜሽ ሲያበቃ ትመለሻለሽ ብለን አላመንንም ነው የሚለው። እኔ! ማንጎዬን፣ ዶሮዎቼን፣ የባሌን መቃብር ትቼ በበረዶ ውስጥ ልደበቅ! ያን ሰሞን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «እኔ የምቀር እመስላለሁ?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። ባለሱቁ ብቻ ነው በደንብ አይቶኝ «አንቺስ አትቀሪም፤ ካናዳ ግን ካንቺ ጋር አንድ ወር ብትቆይ እሷ ትሰደድ ነበር» ያለኝ።

ሌላውን አገር ብቻ እንዳልወቅስ ደግሞ የራሴን አልረሳም። ከጨንቻ ወዲያ ካለው ደጋ ወርጄ እዚህ ስገባ ቀበሌው ከመጣሽበት መሸኛ አምጪ አለኝ። ደጋ ስወጣ፣ የሚቀበልሽ ቀበሌ መጀመሪያ ይጻፍልን አሉኝ። አንዱ ካልሸኘ ሌላው አይቀበልም፤ አንዱ ካልተቀበለ ሌላው አይሸኝም። በራሴ ተራራና በራሴ ሐይቅ መካከል ስወጣ ስወርድ ጫማዬ አለቀ። ባሕር አቋርጦ ለሚሄድ ሰው ቢጠነክርበት ምን ይገርማል?

ያን እሑድ ሁለቱ መካሪዎቼ ነገሩን ሊያቀሉልኝ ሞከሩ።

«አባቷ አይታወቅም ብላችሁ ብታስመሰክሩስ?» አለ ተከራዬ። «ፊርማውም ይቀራል።»

«ወይም ሞቷል በሉ» አለ ባለሱቁ። «ስንቱ እንዲህ አድርጎ ሄዷል። ሦስት ምስክር አታጪም።»

«ሰውየው ምዕራብ ዓባያ ሙዝ ያለማል» አልኳቸው። «ቆሞ የሚሄድ ሰው አልቀብርም።»

«ሕጉ ሲያስቸግር እኮ ነው ሰው የሚዋሸው እናቴ።»

«እኔ ዋሽቼ ብልካት ልጅቷ በሌላ ሰው ሞት ነው የምትገባው። ነገ ልጆቿ አያታችን የት ነው ሲሏት ምን ትበል?»

ተከራዬ «ከባዱን መንገድ መረጡ እንግዲህ» አለኝ። ከባዱን መምረጥ አለመምረጤን በወቅቱ አላሰብኩበትም። ሰውየው በሕይወት ነበር፤ እሱን መጠየቅ ነበረብኝ። በቃ።

በሳምንቱ መካከል ሄድኩ። ሙዙ መካከል ቦይ እየቀደደ ውሃ ሲያጠጣ አገኘሁት። ጎረምሳ ሆኖ የማውቀው ሰው ሸብቷል። ሰላምታ ሰጠኝ፤ እኔ ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ስለማልችልበት በቀጥታ ነገርኩት።

«ልጅህን እናቷ ዘንድ ልልካት ነው። ፊርማህ ያስፈልጋል።»

ዶማውን ከእጁ አልጣለም። «የማን ልጅ?»

«ያንተ።»

«ትምህርት ቤት ስሟ እንዴት እንደሚጠራ አውቃለሁ። በሰው አጠያይቄ ነበር። የባለቤትዎ ልጅ ናት አሉኝ።»

«አንተ ሳትሰጣት የሄድከውን ስም እኛ ከየት እናምጣው? ልጅ ያለ አባት ስም ትምህርት ቤት አትገባም። ባሌ የራሱን ሰጣት።»

«መስጠታቸውን አልጠላሁም። ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ፈርቼ ሸሽቻለሁ፤ ያን አልክድም። አሁን ግን ወረቀት ሲጎድል አባት ሆንኩ። ፈርሜ ስትሄድ ደግሞ አባት አልሆንም። ይህ ፍርድ ነው?»

ፍርድ የሚለው ቃል ያዘኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ነኝ ያን ቃል ሰው ላይ የምወረውረው። በገበያ ሚዛን ሲሰረቅ፣ በውሃ ቦኖ ወረፋ ሲዘለል፣ «ይህ ፍርድ ነው?» የምለው እኔ ነኝ። ሰው በእኔ ላይ ሲወረውረው የመጀመሪያዬ ነበር። ውሃው ቦዩን ሞልቶ እግሬ ሥር ገባ።

ሚስቱ ከቤቱ ደጃፍ ሆና ስታዳምጥ ኖሯል። «ቆማችሁ ስትከራከሩ ልጅቷ ታረጃለች!» አለች ጮክ ብላ። «ሽማግሌ ይቀመጥላችሁ። እርስዎም ከጭቃው ይውጡ፤ ቡና ባይጠጡም ውሃ ይጠጡ።»

የእሱም የእኔም ዘር ከአንድ ደጋ ነው። ስለዚህ እዚያው ወጣን። ዱቡሻ የምንለው ሰው ለጉዳይ የሚቀመጥበት የሣር ሜዳ ነው፤ እዚያ አንዱ ሲናገር ሌላው አይቋረጥም፣ ሁሉም ካልተስማማ አይነሣም። ሴት እዚያ መሀል መናገሯ ብዙ አልተለመደም፤ እኔ ግን ፈቃድ ጠይቄ ተናገርኩ። እሱም ተናገረ። ሁለታችንም ሙዙ መካከል እንደ ተናገርነው አልተናገርንም፤ ሰው ዝም ብሎ ሲያዳምጥህ ቁጣህ የሚይዘው ያጣል። የልጅ ልጄ ከሜዳው ዳር ጋቢዬን ተከናንባ ጉም ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አባቷን ያየችው ያን ቀን ነው። ሰርቃ ታየዋለች፣ ሲያያት ዞር ትላለች።

ሽማግሌዎቹ ርጥብ ሣር ይዘው መረቁና የተስማሙበትን በዕድሜ የሚበልጣቸው ተናገረ።

«ስም በወረቀት አይሰጥም። ልጅቷ ቤቱ ትግባ፤ ከልጆቹ ጋር ትብላ፣ ከልጆቹ ጋር ትደር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ እስኪከፈት ትቆይ። ልጁ መሆኗን ቤቱ ካወቀ በኋላ ስሙን ይሰጣታል፣ ይፈርማልም። ያሳደጋት ሰው ስም ደግሞ አይሰደብም፣ አይረሳም።»

«ካናዳዎቹ ቀን ቆርጠውልናል» አልኩ።

«እንግዲያው ካናዳ የሚባለው ሰውዬ መጥቶ ይቀመጥና ይናገር» አለ ሽማግሌው። «እኛም እናዳምጠዋለን።»

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ካናዳ አገር መሆኑ ጠፍቶት አይደለም፤ የእሱም የልጅ ልጅ እዚያ ናት።

ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ልጅቷ እስከ ሲቀላ ድረስ መስኮቱን ስታይ መጣች። ከወረድን በኋላ ነው አፏን የከፈተችው።

«ካናዳ ለመግባት መጀመሪያ የምዕራብ ዓባያ ቪዛ ያስፈልገኛል ማለት ነው?»

«አዎ።»

«አልሄድም።»

«የትኛው ነው አልሄድም?»

«ሁለቱም። አባዬ ሞቶ ሳለ ስሙን ከላዬ ልግፈፍ? ለአንድ ሙዝ ነጋዴ ብዬ?»

«ሙዝ መነገድ ነውር ነው እንዴ?»

«አትቀልጂብኝ እማዬ!»

ለቀናት አልተነጋገርንም ማለት ይቻላል። ምግብ አቀርባለሁ፣ ትበላለች፣ ሳህኑን ታጥባለች። ልጄ ትደውላለች፤ ልጅቷ «ደህና ነኝ እትዬ» ብላ ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች። ልጄም እኔም የምንፈራውን አንናገርም። ቀኑ እየተጠጋ ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ካልሄደች ከእኔ ጋር ትቀራለች። ስትስቅ የምትስቀው እዚህ ግቢ ውስጥ ይሆናል፤ ሲያመኝ ውሃ የምታቀብለኝ እሷ ትሆናለች። ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም። ግን ልጄ የሰው ሽማግሌ እያጠበች የራሷን ልጅ በስልክ ያሳደገች ሰው ናት። የእሷን ድርሻ እኔ ይዤ ብቀር ያ ፍርድ አይሆንም።

አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ስታሰጣ አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«አባዬ ስሙን የሰጠሽ ትምህርት ቤት እንድትገቢበት ነው» አልኳት። «የሌላ ሰው ነገር እጁ ላይ ሲገኝ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር፤ ታውቂዋለሽ። ሰውየው ልጄ ናት ብሎ ቢመጣ ኖሮ እጅሽን ይዞ እሱ ራሱ ያስረክብ ነበር።»

«አልመጣማ።»

«አልመጣም። አሁን እኛ ሄድንበት። ደግሞ የአባዬ ስም የሚጠፋ መስሎሻል? የእናትሽ የአባት ስም ማን ነው?»

የያዘችውን ነጠላ ሳትጨምቅ ቆመች።

«እሷ ዘንድ ስትገቢ ስሙ እዚያው ቤት ይጠብቅሻል» አልኳት። «ከአንቺ ወርዶ የትም አይሄድም።»

ነጠላውን ጨመቀች፤ በኃይል፣ ውሃው ቀሚሴን አራሰው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ሳምንት ግን ቦርሳዋን አዘጋጅታ አገኘኋት። «እማዬ፣ ቤታቸው ወባ ካለ ግን እመለሳለሁ» አለችኝ። ወባማ እዚህም አለ።

ስትመለስ ጠቁራ፣ እጇ ላይ ጭረት ይዛ ነው የመጣችው። ተከራዬና ባለሱቁ ከእኔ ቀድመው ከበቧት።

«ምን አበሉሽ?» አላት ተከራዬ።

«ሙዝ።»

«ሙዝ ብቻ?»

«ዓሣም። ደግሞ ቆጮ። ሚስቱ ስትናገር ጩኸት ብቻ ናት፤ ግን ደግ ናት። መጀመሪያ ሳልበላ ማንም አይበላም።» ጫማዋን ፈታች። «ትንሿ ልጁ አፍንጫዬን ወስዳዋለች እማዬ። ልክ የእኔ! ማታ ማታ እየመጣች አልጋዬ ውስጥ ትገባለች።»

ሰውየውን ምን ብላ እንደምትጠራው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ነው። እዚሁ ከተማ ሴቻ ባለው ፍርድ ቤት ምስክሮች ቆሙ፤ አንዷ እኔ ነበርኩ። ዳኛዋ «የጠየቅኩዎትን ብቻ ይመልሱ እናቴ» እያለች ደጋግማ አቋረጠችኝ። ዱቡሻ ቢሆን አይቋረጥም ነበር፤ ግን ውሳኔዋ ትክክል ስለሆነ ይቅር ብያታለሁ። ሰውየው ፈረመ። ለምርመራው ከልጅቷ ጋር አዲስ አበባ ወጣሁ። ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ የልጅ ልጄን ጉንጭ ከውስጥ በጥጥ ጠረግ አደረገችና ጨረስን አለች። ካናዳም እናቷን እንዲሁ አደረጓት።

«የእኔንስ አትወስጂም?» አልኳት ባለጋውኗን።

«የአያት አልተጠየቀም እማማ» አለችኝ፤ በትሕትና ነው ያለችው። «የእናትና የልጅ ብቻ ነው።»

ያጠባኋት እኔ አይደለሁም፤ ልክ ናት። በኩፍኝ ስትነድ አቅፌያት ያደርኩት ግን በጥጥ አይወጣም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ልጅቷ ግን ስንወጣ ክንዴን ይዛ መንገዱን አሻገረችኝ፤ ማዶ ከደረስንም በኋላ አልለቀቀችኝም።

የእኛ መልስ ከመምጣቱ በፊት ተከራዬ የእሱን ከጀርመኖቹ አገኘ። ከለከሉት። ቋንቋውን አልፏል፣ ትምህርት ቤቱ ተቀብሎታል፣ ያሉትን ሁሉ አቅርቧል። ተምሬ እመለሳለሁ ማለትህን አላመንንም አሉት። እኔን ያሉኝን ነው ያሉት። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ለተከለከልኩት ተናድጄ ነበር፤ የእሱን ሳይ መናደድ እንኳን አቃተኝ። ማንጎው ሥር ተቀምጦ ዶሮዎቹን በአማርኛ «ሂዱ» አላቸው። ለልጅቷ ፈቃዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግቢው ውስጥ እልል ማለት ፈልጌ ወደ እሱ ክፍል አየሁና ተውኩት። እሱ ግን ዜናውን ሰምቶ ነበር፤ ራሱ ወጥቶ «ምነው ዝም አሉ እማማ? እልል ይበሉ እንጂ!» አለኝ። ያን ጊዜ አልኩ።

የሄደች ቀን ወደ አዲስ አበባ የምትሳፈረው ከዚሁ ከአርባ ምንጭ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ደጅ ላይ ስንደርስ ሰውየው ከእኛ ቀድሞ ቆሟል፤ የሕፃን ቁመት የሚያህል ዘለላ ሙዝ ይዟል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ለእናቷ ነው። ከእኔ እርሻ።»

ጥበቃው ሳቀ። «አባቴ፣ እሱን እዚያ አያስገቡላትም።»

«ሙዝም ቪዛ ይፈልጋል?» አለ ሰውየው። ከምሩ ነው የጠየቀው።

«ከሰው ይበልጥ ይጠይቁታል» አለ ጥበቃው። «ተጓዥ ብቻ ይግባ!»

ልጅቷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች፤ ሁለቱም እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አላወቁም። እጁን ይዛ ጎንበስ አለችና ጉልበቱን ልትስም ስትል በግንባሯ ይዞ ቀና አደረጋት። «ለትንሿ ሰላም በልልኝ» አለችው። «አልጋዬ ላይ ብቻዋን ትተኛበት።» ገባች። ልብሷ በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ ታየን፤ ከዚያ ሌሎች ሰዎች ገቡበት።

ቆምን። እሱ ሙዙን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገና ወደ አስፋልቱ ሊሄድ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«የምዕራብ ዓባያ መኪና ልይዝ።»

«ምሳ ሳትበላ?»

«አይ፣ አላስቸግር።»

«እኔ ጭቃህ ውስጥ ቆሜ ውሃህን ጠጥቻለሁ። ና።»

ባጃጅ ጠራሁ። ሙዙ ቦታውን ሁሉ ስለያዘ ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ ቅጠሉ ፊቴ ላይ ነበር። ሹፌሩ ወሬ ወዳድ ነው፤ በመስታወቱ ሁለታችንን እያየ «እናትና ልጅ ናችሁ?» አለን።

ሰውየው መልሱን ለእኔ ተወ።

«ገና ነው» አልኩት። «ጉዳያችን በመታየት ላይ ነው።»